ባለ እጅ

ሰው በጨዋታ ጊዜ የሚመርጠው ነገር ብዙ ጊዜ በልቡ የሰወረውን ያወጣበታል። ልጆች በጨዋታቸው ንጉሥና ዳኛ፥ ወታደርና ነጋዴ ሲሆኑ ቆሞ የተመለከተ ሰው፥ ስለ ንጉሥም ስለ ዳኛም ምን እንደሚያስቡ ሳይጠይቃቸው ያውቃል። ታላላቆች ግን ጨዋታን ጊዜ ማጥፊያ ነው እያሉ ስለሚንቁት፥ በውስጡ ያለው ትምህርት ሳያዩት ያልፋቸዋል። በመካነ ሰላም ከተማ በ2010 ዓ.ም. ክረምት በአንድ ቤት የሆነው ነገር ለዚህ ምስክር ነው።

በዚያ ቤት አንድ የ17 ዓመት ልጅ ነበረ። አባቱ ገበሬ ነው፤ የእናቱ ወንድም ደግሞ በቅኔ ቤት አድገው ቅኔ ያስተማሩ መሪጌታ ናቸው። ልጁ በዚያ ዓመት የአሥረኛ ክፍል አገር አቀፍ ፈተና ተፈትኖ ውጤቱን ይጠብቅ ነበር። በዚያን ጊዜ በነበረው ሥርዓት፥ ጥሩ ነጥብ ያገኘ ወደ መሰናዶ ያልፋል፤ ያላገኘውም ወደ ቴክኒክና ሙያ ይሄዳል። የቦረና ክረምት ደግሞ ጉምና ብርድ ስለሆነ፥ ከቤት የሚያስወጣ ሥራ በሌለ ጊዜ ልጁ በባዕድ አገር የሚኖር የአባቱ ወንድም በላከለት ኮምፒዩተር ላይ ተደፍቶ ይውላል።

አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ መሪጌታው ዝናቡ እስኪያባራ ድረስ ከአጠገቡ ተቀመጡ። ልጁ እጁን ከመሣሪያው አንሥቶ ሲያስብ ባዩት ጊዜ፥

«ምን ያስጨንቅሃል?» አሉት።

«የኔታ፥ ለዚህ ሰውዬ ሙያ ልመርጥለት ነው። ከሁለት በላይ አይፈቀድለትም» አላቸው።

ሰውዬው ያሉት በመስኮቱ ውስጥ ቆሞ የሚጠብቀውን ጦረኛ ሥዕል ነው። ጨዋታው ወርልድ ኦፍ ዋርክራፍት ይባላል፤ በካሊፎርኒያ የሚገኝ ብሊዛርድ የሚባል ድርጅት በኅዳር 1997 ዓ.ም. ያወጣው ነው። ከልዩ ልዩ አገር የመጡ ብዙ ሺህ ሰዎች በአንድ ጊዜ በኢንተርኔት አማካይነት ወደ አንድ የተፈጠረ ዓለም ይገባሉ፤ እያንዳንዱም አንድ ሰው መስሎ ይዋጋል፥ ይነግዳል፥ ይሠራል። ልጁም ነገሩን ለአጎቱ በየተራ አስረዳቸው።

በዚያ ዓለም ሙያ ሁለት ዓይነት ነው። አንደኛው ጥሬ ዕቃ የሚሰበስብ ነው፤ ይኸውም ማዕድን መቆፈር፥ ዕፅዋት መልቀም፥ ቆዳ መግፈፍ ነው። ሁለተኛውም የተሰበሰበውን የሚሠራ ነው፤ ይኸውም ብረት መቀጥቀጥ፥ ቆዳ መሥራት፥ ልብስ መስፋት፥ መድኃኒት መቀመም፥ ይህን የመሰለው ሁሉ ነው። ስለዚህ ብልህ ተጫዋች ሁለቱን ያጋባቸዋል። ማዕድን የሚቆፍር ብረት ይቀጠቅጣል፤ ዕፅ የሚለቅም መድኃኒት ይቀምማል፤ ቆዳ የሚገፍፍ ጫማና የቆዳ ጥሩር ይሠራል። ልብስ ሰፊው ግን ጨርቁን ድል ከሚነሣቸው ጠላቶቹ ስለሚያገኘው ሰብሳቢ ሙያ አያስፈልገውም። ሙያውን ለመጀመር ወደ መምህር ሄዶ ጥቂት ገንዘብ መክፈል ያሻል፤ ከዚያም የሠራውን እየደጋገመ ደረጃ በደረጃ ያድጋል። ጨዋታው መጀመሪያ በወጣ ጊዜ የሙያው ፍጻሜ 300 ነጥብ ነበረ። በሙያው የሰለቸ ሰው ጥሎት ሌላ መያዝ ይችላል፤ ነገር ግን በዚያን ጊዜ በነበረው ሕግ የደከመበት ሁሉ ይጠፋበት ነበር፤ ተመልሶ ቢወድደውም ከ1 ይጀምር ነበር።

መሪጌታው ይህን ሲሰሙ ራሳቸውን ነቀነቁ። «ይህስ የእኛም ቤት ሕግ ነው» አሉ። «ዜማ ጀምሮ ጥሎ ወደ ቅኔ የሄደ፥ ቅኔውንም ጥሎ ወደ አቋቋም የዞረ ስንቱን አይቻለሁ። ሲጠሩት ከሦስቱ ቤት አቤት ይላል፤ ከሦስቱ ቤት ግን ምንም አይዝም።»

ልጁ በ2001 ዓ.ም. የጸሐፊነት ሙያ እንደ ተጨመረ፥ ጸሐፊውም ዕፅዋት ወቅጦ ቀለም እንደሚያወጣ በነገራቸው ጊዜ ደስ አላቸው፤ ያን ይመርጣል ብለውም ጠበቁ። ልጁ ግን ማዕድን ቆፋሪነትንና ብረት ቀጥቃጭነትን መረጠ።

መሪጌታው ሳቁ። «ከዚህ ሁሉ ሙያ መርጠህ ሰውየውን ቀጥቃጭ ታደርገዋለህ?»

«የኔታ፥ እዚያ ቀጥቃጭን የሚንቅ የለም» አለ ልጁ። «ጦረኛ ሁሉ ሰይፍና ጥሩር ሠርተህ ስጠኝ እያለ ይለምነዋል። ደግሞ የሠራው ሰይፍ ማንም እጅ ቢገባ፥ ‹ይህን የሠራው እገሌ ነው› ተብሎ ስሙ ተጽፎበት ይኖራል።»

ነገሩ በዚያ ቀን በሳቅ አለቀ።

ክረምቱ ሊወጣ ሲል ውጤቱ መጣ። ልጁ ለመሰናዶ የሚያበቃ ነጥብ አላገኘም። በሚማርበት የሙያ ትምህርት ቤት ሦስት ክፍሎች ተከፍተው ነበር፤ የብረታ ብረት ሥራ፥ የእንጨት ሥራና የልብስ ስፌት። ለመመዝገብ የተሰጠው ጊዜ 3 ቀን ነው። ለሥዕል ሰው በሩብ ሰዓት ሙያ የመረጠው ልጅ፥ ለራሱ ግን አፉን ከፍቶ የሚፈልገውን መናገር አቃተው። በመጨረሻ «ብረት» ብሎ በተናገረ ጊዜ አባቱ ከመደቡ ተነሣ።

«ዘር ማንዘሬ ገበሬና ካህን ነው። የእኔ ልጅ ቀጥቃጭ አይባልም። ነገ ሚስት ስንጠይቅለት ምን ይሉናል?»

መሪጌታውም በዚያ ምሽት ከአባቱ ጋር ቆሙ። አንድ ዓመት ተቀምጦ እንደገና ይፈተን፥ ኋላም በጽሕፈት ቤት ሥራ ይያዝ ብለው መከሩ። ልጁ ምንም አልመለሰም፤ ኮምፒዩተሩን ዘግቶ ተኛ።

ሌሊቱን ግን መሪጌታው እንቅልፍ አጡ። ትዝ ያላቸው የራሳቸው ወጣትነት ነበረ። በቅኔ ቤት ሳሉ ከአንድ ቁም ጸሐፊ ዘንድ ተጠግተው ብራና ይሠሩ ነበር። የፍየሉን ቆዳ በውኃ ይዘፈዝፉታል፤ በእንጨት ላይ ወጥረው ጠጉሩንና ሥጋውን በስለት ይፍቁታል፤ ሽታውም ከልብሳቸው ለሳምንት አይለቅም ነበር። በአገሩ ቋንቋ ቆዳ የሚሠራ ሰው ፋቂ ይባላል፤ ቃሉም ስድብ ነው። ብራና የሚሠራውም ብራና ፋቂ ይባላል፤ ቃሉም ክብር ነው። ስለቱ አንድ ነው፥ ቆዳው አንድ ነው፥ ግሡም አንድ ነው። ፋቂው ለገበሬው ጠፍርና ምራን ይሠራል፤ እርሳቸው ለመጽሐፍ የሚሆን ቅጠል ሠሩ። ለእርሳቸው ሰው ከመቀመጫው ይነሣላቸዋል፤ ያኛው ሲመጣ ግን እናቶች ቡዳ ነው ብለው ልጆቻቸውን ይሸሽጋሉ።

የቅኔ ሰው ናቸውና ከዚያ ወዲያ ቃላቱን መመርመር ያዙ። ጠይብ የሚለው ስድብ ከግእዙ ጠቢብ የወጣ ነው። ጠቢብ ሲባል ሰሎሞን የሚከበርበት ስም፥ አንድ ፊደል ሲለወጥ የብረት ሠሪ መዋረጃ ሆነ። ባለ እጅ የሚለውም እንዲሁ ነው። እጅ ያለው መሆን እንዴት ነውር ሊሆን ቻለ? እጅ የሌለው ማን ነው?

ዳግማዊ አፄ ምኒልክ በ1900 ዓ.ም. ሠራተኛን በሥራው መስደብን የሚከለክል አዋጅ አስነግረው ነበር፤ እነሆ አዋጁ ከተነገረ 110 ዓመት ሆኖታል፤ ስድቡ ግን በዚህ ቤት በዚህ ምሽት ተሰማ። ከዚያም በፊት አፄ ቴዎድሮስ ታላቁን መድፍ ሴባስቶፖልን በጋፋት ያሠሩት በባዕዳን እጅ ነበር፤ በ1860 ዓ.ም. መድፉ ገደል ለገደል እየተጎተተ፥ በሽሎን ተሻግሮ፥ በዚሁ በወሎ ምድር ወዳለችው መቅደላ ወጣ። ብረት አቅላጭ ልጁን የሚንቅ አገር፥ ብረት በፈለገ ጊዜ የሰው አገር ሰው ለመያዝ ይገደዳል ብለው አሰቡ። ደግሞም በቦረና ያለው የጋሥጫ ገዳም ትዝ አላቸው። መጽሐፈ ምሥጢርን የደረሰው አባ ጊዮርጊስ፥ በገድሉ እንደሚነገረው፥ በሐይቅ እስጢፋኖስ ትምህርት አልገባው ብሎ በነበረበት ጊዜ እህል እየፈጨ ያገለግል ነበር። ወፍጮው ከሊቅነቱ አላጎደለውም።

በማግስቱ አባትየው የተሳለ ማረሻውን ሊያመጣ ወደ ቀጥቃጩ ዘንድ ሲሄድ መሪጌታው አብረውት ሄዱ። ጎጆው ከመንደሩ ተለይቶ የተሠራ ነው። ቀጥቃጩ ማረሻውን በጉጠት ይዞ በመስፉ ላይ ይመታል፤ ልጁም ወናፉን ይነፋል። አባትየው ከደጅ ቆሞ ገንዘቡን ሰጠ፤ ማረሻውንም ተቀበለ፤ ቡና አፍልተናልና ይቀመጡ ሲባል እንቸኩላለን አለ።

ሲመለሱ መሪጌታው፥ «ከዚህ ሰው ዘንድ ማረሻ ማሠራት ከጀመርህ ስንት ዓመትህ ነው?» አሉት።

«ከ20 ዓመት ይበልጣል።»

«ስሙ ማን ነው?»

አባትየው ቆመ። ጥቂት አሰበና፥ «ቀጥቃጩ ነው የምንለው» አለ።

መሪጌታው ወደ ኋላ ተመልሰው ከጎጆው ደጅ ቆሙና ሰውየውን ስሙን ጠየቁት። ሰውየው ጥፋት ያጠፋ መስሎት ደነገጠ፤ ኋላ ግን ነገራቸው። እርሳቸውም ወደ አባትየው ተመልሰው ስሙን ነገሩት፤ እንዲህም አሉት፦

«20 ዓመት ያበላህ ሰው ነው። ይህ ማረሻ ባይኖር በሬህ ምን ይስባል? ልጅህ በዚያ መስኮት ውስጥ የሚያየው አገር የሌለ አገር ነው፤ ነገር ግን እዚያ ብረት የሠራ ሰው ስሙ በሥራው ላይ ይጻፍለታል። ባለው አገር ያልሰጠነውን ልጁ በሌለ አገር ቢፈልግ ጥፋቱ የማን ነው? እኔም ትናንት አንተን ደግፌ ተናግሬ ነበርና፥ ጥፋቱ የእኔም ነው። እኔ ራሴ ቆዳ ስፍቅ ያደግሁ ሰው ነኝ።»

አባትየው እስከ ቤቱ ድረስ አልተናገረም። በምዝገባው በሦስተኛው ቀን ጧት ግን የመመዝገቢያውን ገንዘብ ከመሐረቡ ፈትቶ በልጁ ፊት አስቀመጠ፤ ምርቃትም ወቀሳም አልጨመረበትም። ልጁም ሄዶ ብረታ ብረት ብሎ ተመዘገበ።

በተከታዩ ዓመት ልጁ የሠራው አንድ የመስኮት ብረት በአባቱ ቤት ተተከለ። ብየዳው በአንድ ወገን ጥቂት ተዛንፏል። ከበስተኋላው፥ ከቤት ካልገቡ በማይታይበት በኩል፥ ስሙን በምስማር ጭሮ ጽፎበታል። አባትየው ስለዚያ ጽሑፍ ምንም ተናግሮ አያውቅም፤ እንዲጠፋም አላዘዘም። ከቀጥቃጩ ዘንድም ዛሬ ቢሆን ቡና አይጠጣም፤ የልማድ ቍራኛ በአንድ ክረምት አይፈታምና። ነገር ግን ማረሻውን ይዞ በሄደ ጊዜ ከደጅ ቆሞ ሰውየውን በስሙ ይጠራዋል። ቀጥቃጩም በመጀመሪያው ቀን ሌላ ሰው የተጠራ መስሎት ወደ ኋላው ዞሮ እንደ ነበር ይነገራል።