የምመጣው ገና ነው

ስለ ፊደላችን ውይይት በተነሣ ቁጥር ክርክሩ ከሞክሼዎቹ ፊደላት አልፎ ሲሄድ እምብዛም አይታይም። ይቀነሱ የሚለው ወገን አንድ ጎራ፣ አይነኩ የሚለው ወገን ሌላ ጎራ ይዞ ሲሟገት በመምህራን ስብሰባም ሆነ በደራስያን ጉባኤ ብዙ ጊዜ ሰምቻለሁ። በበኩሌ ዛሬ ላነሣ የፈለግሁት ግን ሁለት ፊደል ብቻ ስላላት፣ ማንም ሊቀንስላትም ሊጨምርላትም ስላላሰባት አንዲት አጭር ቃል ነው። ይህች ቃል ቤታችንን አንድ ወይፈን አስከፍላለች።

የተወለድሁት ስማዳ ነው። ስማዳ በደቡብ ከዓባይ ገደል፣ በምሥራቅ ከበሽሎ ሸለቆ አፋፍ ላይ የተቀመጠ አገር ነው፤ በሰሜኑ ጋይንት፣ በምዕራቡ እስቴ ያዋስኑታል። መሬቱ በጎርፍ የታጠበ፣ ማሳው ጠባብ በመሆኑ ክረምቱ እንደወጣ ጉልበት ያለው ሁሉ ሰሊጥ ለመቁረጥ ወደ ሁመራ በረሃ ይወርዳል። የወረደው ሰው ወሬ የሚሰማው ቀድሞ በሚመለስ ጎረቤት አፍ፣ ወይም በጎረቤቱ ኪስ ውስጥ ተጣጥፎ በሚመጣ ደብዳቤ ነበር።

እናቴ ደብዳቤ ታነብባለች። የመሠረተ ትምህርት ዘመቻ በሐምሌ 1971 ዓ.ም. ተጀምሮ ዙር በዙር ሲቀጥል ከእኛ ቀበሌም ደርሶ ነበርና፣ እናቴ ፊደል የቆጠረችው ያን ጊዜ ነው። እኔ ገና (እዚህ ላይ ላልቶ ይነበብልኝ) በጀርባዋ ታዝዬ ነበር ይላሉ። ሌሎቹ ሴቶች የምስክር ወረቀቱን ተቀብለው ፊደሉን ቀስ በቀስ ሲረሱት፣ እሷ በምድጃው አጠገብ ባለው ግድግዳ ላይ በከሰል እየጻፈች አልረሳችውም። ስለዚህም ልጆቻቸው ጦር ሜዳ የነበሩ እናቶች ሁሉ ደብዳቤ በደረሳቸው ጊዜ የሚመጡት ወደ እሷ ነበር። አንድ ቀን ከእነዚህ ሴቶች ለአንዷ ከወንድሟ የመጣ ደብዳቤ ስታነብብ አጠገቧ ተቀምጬ ሰምቻለሁ። ወንድሟ ስለ ልጇ ሲጽፍላት፣ «አየሁት የሚል ሰው አግኝቼ ነበር፤ አለ አለ» ይላል። እናቴ ቆም አለችና የመጀመሪያውን ጠበቅ፣ ሁለተኛውን ላላ አድርጋ አነበበችው። ሴትዮዋም፣ «የኔ እመቤት፣ እስቲ ያን የፊተኛውን ድገሚልኝ» አለች። እናቴ ሦስት ጊዜ ደገመችላት። በወረቀቱ ላይ ግን ሁለቱ ቃላት እንደ መንታ ልጆች ተመሳስለው ተቀምጠው ነበር፤ አንዱ የአንድ ልጅ ሕይወት ነው፣ ሌላው የአንድ መንገደኛ ወሬ ነው።

በኅዳር ወር 1984 ዓ.ም. የእኛም ደብዳቤ ደረሰ። አባቴ ፊደል ስለማያውቅ ሁመራ ላይ ያጻፈው በሌላ ሰው እጅ ነው። እንደ ወጉ «ይድረስ ለውድ ባለቤቴ» ብሎ ጀምሮ፣ ከናፍቆታችን በቀር እግዚአብሔር ይመስገን ደህና መሆኑን ገልጾ፣ ጎረቤቱን ሁሉ በስም እየጠራ ሰላም ካለ በኋላ ዋናው ጉዳይ በሦስት ዐረፍተ ነገር ያልቃል። «ሰሊጡ ዘንድሮ ደህና ነው። የምመጣው ገና ነው። የወይፈኑን ነገር አደራ።»

እናቴ አንብባ ስትጨርስ ፊቷ በራ። ወሩ ኅዳር ነው፤ ገና አንድ ወር ቢቀረው ነው። እኛም ልጆቿ ከእሷ አፍ የሰማነው «ገና» ጠብቆ የተነበበውን፣ የልደትን በዓል ነው። እኔ የወይራ እንጨት ፈልጌ የገና ዱላዬን መጥረብ ጀመርሁ። እናቴ ደግሞ ባሏ ከበረሃ ሲመለስ ባዶ ቤት እንዳይቀበለው ብላ ከአንድ የገበያ ነጋዴ በወለድ ተበደረችና በግ ገዛች፣ የጠላ ገብስና ጌሾ ገዛች፣ የቤቱን ግድግዳ በነጭ አፈር አስቀባች። ዕዳውን ባሏ ይዞት በሚመጣው ገንዘብ በጥምቀት ማግስት ልትከፍል ቃል ገባች።

በገና ዋዜማ አፋፉ ላይ ወጥተን እስኪመሽ ድረስ መንገዱን ስናይ ቆየን። በማግስቱም አየን። ጠላው ሆመጠጠ፤ በጉን ጎረቤት ተካፈለው። ጥምቀት አለፈ፤ ነጋዴው በየሳምንቱ እየመጣ ከደጃፋችን ይቆም ጀመር። በየካቲት እናቴ አደራ የተባለውን ወይፈን ወገዳ ገበያ ወስዳ ሸጠችው። ያ ወይፈን በዚያ ዓመት ከአንዱ በሬያችን ጋር ተጠምዶ እርሻ ሊለምድ የታሰበ ነበር። አንድ በሬ ያለው ገበሬ ምን ማለት እንደሆነ ለአገሬ ሰው አይነገረውም፤ መቀናጆ ፍለጋ ሰው ደጅ የሚጠና፣ የራሱን ማሳ የሚያርሰው የሌላው ካለቀ በኋላ የሆነ ሰው ማለት ነው።

አባቴ የመጣው በግንቦት ነው። ወባ ይዞት፣ ካገኘው ገንዘብ ከፊሉን ለሕክምና ከፍሎ፣ ፊቱ ገርጥቶ መጣ። በረቱን አየና ጠየቀ። እናቴ ደብዳቤውን ከሙዳይ አውጥታ፣ «ለገና እመጣለሁ ብለህ አልጻፍህም?» አለችው። እሱም፣ «እኔ ገና ነው አልሁ እንጂ ለገና መቼ አልሁ?» አለ፤ ቃሉን አላልቶ። ታሞ ተኝቶ እንደነበረ፣ መምጫው ሩቅ መሆኑን ሊነግራት እንደፈለገ፣ ሕመሙን ግን እንዳትሰጋ ብሎ እንዳላጻፈው አስረዳት። እናቴ ወረቀቱን አየች፣ እንደገና አየች። ሁለቱም ንባብ እዚያው አለ። «ጽሕፈቱ አንድ ነው» አለችና ዝም አለች። አባቴ አልተቆጣም፤ እሷ ግን በዚያ ሰሞን ደብዳቤ ሊያስነብቡ የመጡትን ሴቶች ራሴን አሞኛል እያለች መለሰቻቸው።

ነገሩ ስላልወጣላት አንድ እሑድ ከቅዳሴ በኋላ ወረቀቱን ይዛ ወደ የኔታ ሄደች፤ እኔም ተከትያለሁ። የኔታ ጎጃም ተሻግረው ዋሸራ ቅኔ የተማሩ ሰው ናቸው። ወረቀቱን ተቀብለው አነበቡ፤ ከዚያም ፈገግ አሉና፣ «ይህስ ኅብር ነው፤ ሰሙም ወርቁም በአንድ ቃል ገብቷል። ባልሽ ሳያውቅ ተቀኝቷል» አሏት። እናቴም፣ «ለርስዎ ቅኔ ነው፣ የኔታ፤ ለእኔ በሬ ነው» ብላ ወረቀቷን ተቀበለቻቸው። የኔታ ፈገግታቸውን ወዲያው መለሱ። ወደ ቤት ስንመለስ መንገዱን ሙሉ አንድም ቃል አልተናገረችም።

እኔ ከዚያ ወዲህ በዩኒቨርሲቲ ቋንቋ ተምሬያለሁ፤ ግጥምም ቴአትርም ጽፌያለሁ። ስለ ኅብረ ቃል በተነሣ ቁጥር ግን ከየኔታ ፈገግታ በፊት የሚታየኝ የእናቴ ፊት ነው።

ጉዳዩ እንዲህ ነው። ፊደላችን ከግዕዝ እስከ ሳብዕ ባሉት ሰባት እርከኖች የአናባቢውን ድምፅ አጥርቶ ያሳያል፤ ተነባቢው መጥበቁን ወይም መላላቱን ግን አያሳይም። ስለዚህ «ዋና» ሲጠብቅ አለቃ፣ ሲላላ በውሃ ላይ መንሳፈፍ ነው። «ሰፊ» ሲጠብቅ ጠባብ ያልሆነ፣ ሲላላ ልብስ የሚሰፋ ሰው ነው። «መላ» ጠብቆ ሁሉን ይጠቀልላል፣ ላልቶ ዘዴ ይሆናል። «በራ» ጠብቆ ብርሃን ሲሰጥ፣ ላልቶ ጠጉር ያጣ ራስ ነው። ከቤታችን ፊት ለፊት የሚወርደው ታላቁ ወንዝ ሳይቀር «ባ»ው ቢላላ ዋሾ ይባላል። የወንጀል ሕጋችንም በየአንቀጹ መጨረሻ «ይቀጣል» ይላል፤ «ቀ»ን አላልቶ ለሚያነብብ ሰው ጥፋተኛው ራሱ ቀጪ ሊሆን ነው። እስካሁን እንዲህ ብሎ የተከራከረ ጠበቃ አላጋጠመኝም።

በሞክሼዎቹ ላይ ደግሞ ሁኔታው የዚህ ተቃራኒ ነው። በግዕዙ ፀሐይ የወጣችበት «ሠረቀ» በንጉሡ «ሠ»፣ ሌባ የወሰደበት «ሰረቀ» በእሳቱ «ሰ» ይጻፋሉ፤ የዛሬ ጆሯችን ግን ሁለቱን አይለያቸውም። አለቃ ኪዳነ ወልድ ክፍሌ በ1948 ዓ.ም. በታተመው ትልቁ መዝገበ ቃላታቸው ፊደላቱ በየሥራቸው እንዲቀመጡ አጥብቀው የያዙት ያለ ምክንያት አይደለም። እንግዲህ ለማንሰማው ልዩነት ሁለትና ሦስት ፊደል አለን፤ በየደቂቃው ለምንሰማው ልዩነት ግን አንዲት ነጥብ እንኳ የለችንም። ስንከራከር የኖርነው በተትረፈረፈን ላይ ነው። በጎደለን ላይ የተደረገ ስብሰባ ቢኖር እናቴን ይዤ እሄድ ነበር።

ነጥብ ማስቀመጥ አናውቅበትም እንዳይባል፣ ይህ የሆነው ከዜማ አገር ላይ ነው። በጋይንት ምድር ቤተልሔም ለድጓ፣ ዙር አባ ለዝማሬና መዋሥዕት የምስክር ጉባኤ የሚነሣባቸው ቦታዎች ናቸው። ከበሽሎ ማዶ ባለችው በተድባበ ማርያም የነበሩት አዛዥ ጌራና አዛዥ ራጉኤል በ16ኛው መቶ ዓመት፣ በአፄ ገላውዴዎስ ዘመን፣ የድጓውን ምልክት እንዳደራጁ ይነገራል። ድጓውን የገለጠ ሰው እንደሚያየው፣ ከእያንዳንዱ ቃል ራስ በላይ ድፋትና ጭረት፣ ይዘትና ቅናት፣ ደረትና ርክርክ ተደርድረው የት እንደሚነሣ፣ የት እንደሚወድቅ፣ የት እንደሚያዝ ለዜመኛው ይነግሩታል። ሊቃውንቱ ለአንድ ቀለም ይህን ያህል ሲጨነቁ፣ ከዚያው ሰፈር ወደ ሁመራና ከሁመራ የሚመላለሰው የገበሬ ደብዳቤ ያለ አንዳች ምልክት ኖረ። በአንዳንድ መዝገበ ቃላትና በሰዋስው ሊቃውንት ጥናት ላይ በሚጠብቀው ፊደል ራስ ላይ የምትቀመጥ ምልክት አለች፤ ዛሬ በኮምፒውተርም ቦታ ተሰጥቷታል። በደብዳቤ ላይ ግን አይቻት አላውቅም።

እኔ ራሴ ከጥፋቱ ንጹሕ አይደለሁም። ከዓመታት በፊት በጻፍሁት አንድ ተውኔት ውስጥ ልጁን በጦርነት ያጣ ሽማግሌ አለ። በመጨረሻው ትዕይንት ብቻውን ይቆምና፣ በመድረክ መመሪያው ላይ፣ «የተኩስ ድምፅ ይሰማል» የሚል ጽፌ ነበር። ያሰብሁት ሽማግሌው በገዛ ጆሮው ብቻ፣ በሐሳቡ እንዲሰማው ነው፤ «ሰ» ይላላል። የድምፅ ባለሙያው ግን አጥብቆ አነበበውና በመጀመሪያው ሙሉ ልምምድ ላይ አዳራሹን የሚያናውጥ ጥይት ተኮሰ። ተዋናዩ ደንግጦ ቀና አለ፤ ሁላችንም ሳቅን። አዘጋጁ ይህ ይሻላል ብሎ ተከራከረኝ። ጽሑፉ ሁለቱንም ስለሚፈቅድ የምመልሰው አልነበረኝም። ማታ ቤቴ ገብቼ መመሪያውን «ሽማግሌው የተኩስ ድምፅ የሰማ ይመስለዋል» ብዬ ለወጥሁት። ዐረፍተ ነገሩ ረዘመ፣ ውበቱም ቀነሰ። እንዲያም ሆኖ አልተመለስሁበትም።

የቅኔን ኅብር የማቃልል እንዳይመስልብኝ እሰጋለሁ። ቅኔ የሚዘርፍ ሰው ግን ሰሚው ፊት ለፊቱ ተቀምጧል፤ ሰሚውም እንደሚፈታ ያውቃል፣ ሊፈታ ተዘጋጅቶ መጥቷል። ካልገባው ይጠይቃል፣ ያስደግማል። ደብዳቤ የሚቀበል ሰው የሚጠይቀው የለውም። ለፈተናው ሳይዘጋጅ በሚኖርበት ቤት፣ በሬውና ልጆቹ ባሉበት ይደርስበታል። የቀበሌ ማስታወቂያ፣ የመድኃኒት መመሪያ፣ የፍርድ ቤት መጥሪያም እንደዚሁ ናቸው። እኛ ጸሐፊዎች የቅኔውን ክብር እያወራን ለእነዚህ ዓይነት ጽሑፎች ያን ያህል ተጨንቀን አናውቅም። አባቴን ያጻፈው ያ የማላውቀው ሰው እንኳ «ገና ብዙ ጊዜ ይቀረኛል» ብሎ ሁለት ቃል ቢጨምር ወይፈኑ በተረፈ ነበር። ሰውየውን አልወቅሰውም። የተነገረውን ቃል ሳይጨምር ሳይቀንስ ነው የጻፈው።

እናቴ ከጊዜ በኋላ ደብዳቤ ማንበቧን ቀጥላለች፤ ሴቶቹ አልተዉአትም። ይሁን እንጂ አንድ ልማድ አወጣች። በደብዳቤ ውስጥ «ገና»ም ሆነ «አለ» ሲያጋጥማት በሁለቱም መንገድ አንብባ፣ «እንዲህም ይላል፣ እንዲያም ይላል» ብላ ትተዋለች። ሴቶቹ በዚህ ይናደዱ ነበር፤ ከእሷ የሚፈልጉት አንዱን ነውና። አንዳንዶቹ ቁርጡን ወደሚነግራቸው ወደ ተማሪ ልጅ ሄደዋል።

ያ ደብዳቤ ዛሬም በሙዳይዋ ውስጥ አለ፤ በማጠፊያው ላይ ተበልቷል። አሁን በስልክ ስለምንነጋገር የሚጠብቀው ጠብቆ፣ የሚላላው ላልቶ ይሰማል። ሆኖም «መቼ ትመጣለህ?» ብላ በጠየቀችኝ ጊዜ ያችን የአባቴን ዐረፍተ ነገር ከአፌ አውጥቼ አላውቅም። ወይ ቀኑን ከነወሩ እነግራታለሁ፣ ወይ «አላውቅም፣ እማየ» እላታለሁ።