ስልኩ የኔ፣ ውስጡ የሰው

መስቀል ባለፈ ማግስት ሆሳዕና ውስጥ ብዙ ስልክ ባለቤት ይቀይራል። ሐዲያው ያሆዴን፣ ከምባታው መሳላን ሊያከብር ከየአቅጣጫው ይሰበሰባል፤ ከአዲስ አበባ፣ ከሐዋሳ፣ አንዳንዱም ከደቡብ አፍሪካ። ድሮ የመጣ ልጅ ለእናቱ ጋቢ፣ ለአባቱ ጫማ ይዞ ይገባ ነበር። አሁን የሚይዘው ስልክ ነው። አዲሱ ሲገባ አሮጌው ይወጣል። ለገጠር ወንድም ይሰጣል፣ ለልጅ ልጅ መጫወቻ ይሆናል፣ ያገለገለ ስልክ ለሚገዛ ነጋዴ ይሸጣል። የተሰበረው ደግሞ «ልዋጭ!» እያለ ለሚያልፈው ልጅ በፕላስቲክ ሳፋ ይለወጣል።

መስጠቱም መሸጡም ክፋት የለውም። እኔን የሚያሳስበኝ ከስልኩ ጋር አብሮ የሚሄደው ነው። ቁም ሣጥን የሚሸጥ ሰው መሳቢያውን ከፍቶ ወረቀቱን ያወጣል። ስልክ የሚሸጥ ሰው ግን ሲም ካርዱን ነቅሎ «በቃ» ይላል።

ባለፈው ዓመት አንዲት ጎረቤቴ ስክሪኑ የተሰነጠቀ ስልካቸውን ብር ጨምረው በሌላ ለወጡ። ሲማቸውን አወጡ፤ የቀረውን እንዳለ አስረከቡ። ሁለት ወር ሳይሞላ ከማያውቁት ቁጥር ተደወለላቸው። ደዋዩ ጆሐንስበርግ ያለውን ልጃቸውን በቤት ስሙ ጠራው፣ ሱቁ ያለበትን ሰፈር ተናገረ፣ ታናሽ እህቱ ስንተኛ ክፍል እንደሆነች ሳይቀር ያውቃል። ከዚያ «ልጅሽ በእጃችን ነው» ብሎ ገንዘብ ጠየቀ። ፎቶም ላከ፤ ልጁ በሱቁ በር ላይ ቆሞ የተነሳው፣ ለእናቱ ብቻ በኢሞ የላከው፣ በተለወጠው ስልክ ውስጥ የነበረው ፎቶ።

ወደ ቤቴ የመጡት ነጠላቸውን እንኳ ሳያስተካክሉ ነው። ደም ግፊታቸውን ስለካው 190 በ110 ሆኖ አገኘሁት። መጀመሪያ አስቀምጬ አረጋጋኋቸው፣ ቀጥሎ በልጄ ስልክ ለልጃቸው ደወልን። ሱቁ ውስጥ ሆኖ አነሳው፤ ደንበኛ እያስተናገደ ነበር። «እማዬ፣ ምን ሆንሽ?» ሲላቸው ነው ጨርሶ መናገር ያቃታቸው።

እንዲህ ያለው ማስፈራሪያ እኛ ዘንድ ቶሎ የሚያስደነግጠው መሠረት ስላለው ነው። ከሐዲያና ከከምባታ ወደ ደቡብ አፍሪካ የወጣው ወጣት ብዙ ነው፤ ልጅ፣ ወንድም ወይም አማች እዚያ የሌለውን ቤት መቁጠር ይቀላል። እዚያ የሚነግዱ ልጆቻችን መዘረፋቸውና መታገታቸው እውነት ነው። በመንገድ ላይም ደላሎች ሰው ይዘው ቤተሰቡን ያስከፍላሉ። ስለዚህ ደዋዩ ብዙ ማሳመን አያስፈልገውም። ስም፣ ሰፈርና አንድ ፎቶ ይበቁታል። ሦስቱም በአንዲት እናት አሮጌ ስልክ ውስጥ ተቀምጠው ነበር።

በኋላ ሲረጋጉ በዚያ ስልክ ላይ ምን ምን እንደነበረ አንድ በአንድ ቆጠርን። የልጁ ፓስፖርት ፎቶ። ገንዘብ የተላከባቸው የባንክ ደረሰኞች፣ ከነሒሳብ ቁጥራቸው። የሴት ልጃቸው የፋይዳ መታወቂያ። የዕቁብ ዝርዝር፣ ማን እንደከፈለና ማን እንዳልከፈለ። ምራታቸው ስለ ትዳሯ እያለቀሰች የላከችው ድምፅ። ከዚህ ሁሉ ውስጥ የእርሳቸው የራሳቸው የሆነ ምን አለ? በገንዘባቸው የገዙት ዕቃ የእርሳቸው ነው፤ ውስጡ ያለው ግን አብዛኛው የሌላ ሰው ነው። ስልኩ ሲለወጥ ልጁም፣ ምራቲቱም፣ የዕቁብ አባላቱም አልተጠየቁም።

በእኔ ቤት ጉዳዩ ይብሳል። ጡረታ ከወጣሁ ዓመታት ቢያልፉም ሰው አሁንም «ሲስተር» እያለ ይልክልኛል። ከአንጋጫ የሕፃን ሽፍታ፣ ከሾኔ የላብራቶሪ ወረቀት፣ ከዱራሜ የአልትራሳውንድ ምስል። ለሐኪም ማሳየት ያፈረችበትን ቁስል ፎቶ አንስታ የላከችልኝ ሴት አለች። የምርመራ ውጤቷን ለባሏ ከመንገሯ በፊት ለእኔ የላከችም አለች። «ሲስተር፣ ይሄ ምን ማለት ነው?» ይላሉ። የማውቀውን እመልሳለሁ፣ ጤና ጣቢያ ሂዱ እላለሁ፣ ምስሉንም አጠፋለሁ። ነገር ግን ከዚህ በታች እንደምነግራችሁ፣ ማጥፋት ብቻውን ማጥፋት አይደለም።

በ1997 የፀረ ኤች.አይ.ቪ መድኃኒት በነፃ መሰጠት ሲጀመር ከሕክምናው እኩል የከበደን ምስጢር መጠበቁ ነበር። ትንሽ ከተማ ውስጥ ሰው ሁሉ ዘመድ ነው። አንድ ካርድ ጠረጴዛ ላይ አምስት ደቂቃ ከቆየ ወሬው ከባለቤቱ ቀድሞ ቤት ይገባል። መዝገቦቹን በተለየ ቁም ሣጥን ቆልፈን ቁልፉን እየተፈራረምን እንረካከብ ነበር። ካርድ ይዞ ከግቢ መውጣት የሚታሰብ ነገር አልነበረም። ዛሬ በአንዲት ጡረተኛ የእጅ ቦርሳ ውስጥ ያለው ስልክ የዚያን ቁም ሣጥን ያህል ይይዛል። ሥራ ላይ ያላችሁ ነርሶችና አዋላጆችማ ከእኔ የበለጠ ተሸክማችኋል።

ሕጉ ዝም አላለም። ሕገ መንግሥቱ በአንቀጽ 26 ሰው በስልክና በኤሌክትሮኒክ መሣሪያ የሚያደርገው ግንኙነት እንዳይደፈር ይደነግጋል። በ2016 የወጣው የግል ዳታ ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 1321 ደግሞ የጤና መረጃን የተለየ ጥንቃቄ ከሚሹት ጋር መድቦታል። ደስ ይላል። ይሁንና አዋጁ በዋናነት የሚያየው መረጃ ሰብስበው የሚይዙ ተቋማትን ነው። እኔ ስልኬን በሳፋ ስለውጥ በሬ ላይ የሚቆም ተቆጣጣሪ የለም።

«እኔ ፎቶውን ሁሉ አጥፍቻለሁ» የሚሉኝ ብዙ ናቸው። እንዲህ አስቡት። ካርድ ክፍል ውስጥ የስም ማውጫ አለ፤ ከኋላው ደግሞ ካርዶቹ የተደረደሩበት መደርደሪያ። አንድ ፎቶ ስታጠፉ፣ በተለይ በድሮዎቹ ስልኮች፣ የሚሰረዘው ማውጫው ላይ ያለው ስም ነው። ካርዱ ግን ሌላ ካርድ በቦታው እስኪገባ ድረስ መደርደሪያው ላይ ይቆያል። የጠፋ ፋይል የሚፈልግ ፕሮግራም ያለው ሰው ያወጣዋል። አቫስት የተባለው የጸረ ቫይረስ ኩባንያ እ.ኤ.አ. በ2014 ሃያ ያገለገሉ ስልኮችን ከኢንተርኔት ገበያ ገዝቶ ከ40,000 በላይ ፎቶዎችን መልሶ አውጥቷል። በተከታዩ ዓመት የካምብሪጅ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች 21 የአንድሮይድ ስልኮችን ፈትሸው «ፋክተሪ ሪሴት» ከተደረጉ በኋላም መረጃ አግኝተውባቸዋል።

የዛሬዎቹ ስልኮች ይሻላሉ። የሚቀመጥባቸውን ሁሉ በምስጢር ቁልፍ ይቆልፉታል። ስልኩ በሙሉ ሲደመሰስ ቁልፉ ይጣላል፤ ካርዱ መደርደሪያው ላይ ቢቀር እንኳ የሚያነበው የለም። ዋናው ነገር አንድ በአንድ ፎቶ ማጥፋት ሳይሆን ስልኩን በሙሉ መደምሰስ ነው።

እኔ የማደርገው እንዲህ ነው። መጀመሪያ የምፈልገውን ወደ አዲሱ ስልክ አስተላልፋለሁ። ቴሌብሩና የባንኩ መተግበሪያ በአዲሱ መሥራታቸውን አይቼ ከአሮጌው እወጣለሁ። ቴሌግራም ላይ አካውንቱ የተከፈተባቸውን ስልኮች ሁሉ የሚያሳይ «ዲቫይስስ» የሚል ቦታ አለ፤ አሮጌውን ከዚያ ማስወጣት ይቻላል። ከዚያ የጉግል አካውንቱን፣ አይፎን ከሆነም የአፕሉን አስወጣለሁ። ይህን ብዙ ሰው ይዘለዋል። አካውንቱ ሳይወጣ የተደመሰሰ ስልክ እንደገና ሲከፈት የድሮውን ባለቤት የይለፍ ቃል ሊጠይቅ ይችላል። ገዢው ይደውላል፣ ይጨቀጭቃል፤ ለመገላገል ብላችሁ ትነግሩታላችሁ። በዚያች ቃል ኢንተርኔት ላይ ያስቀመጣችሁት ፎቶና የስልክ ቁጥር ሁሉ ይከፈታል። በመጨረሻ ሴቲንግ ውስጥ «ሪሴት» የሚለው ጋ ገብቼ «ኢሬዝ ኦል ዳታ» የሚለውን እጫናለሁ፤ አይፎን ላይ «ኢሬዝ ኦል ኮንቴንት ኤንድ ሴቲንግስ» ይላል። ሲም ካርዱንና ሚሞሪውን በእጄ አወጣለሁ። ሚሞሪዋን አደራ! ስልኩ ሲደመሰስ ሚሞሪ ካርዱ ላይ ያለው ብዙ ጊዜ አይነካም፤ የሠርጉም የክርስትናውም ፎቶ የሚጠራቀመው ግን እዚያ ነው።

ስልኩ ከ10 ዓመት በላይ ከሆነው አንድ ዙር አይበቃኝም። ከደመሰስኩ በኋላ ጠረጴዛ ላይ አስተኝቼ ቦታው ሞልቶ እምቢ እስኪል ድረስ የቤቴን ኮርኒስ በቪዲዮ አስቀርፀዋለሁ፤ ከዚያ እንደገና እደመስሰዋለሁ። መደርደሪያው ላይ የቀረው አሮጌ ካርድ በኮርኒስ ይተካል። የልጅ ልጄ ይስቅብኛል። ይሳቅ።

ባለ በተን ቀፎ የያዛችሁ አባቶችም ነፃ አይደላችሁም። ከባንክ የመጡት መልዕክቶች ቀሪ ሒሳባችሁን ይዘው እዚያው ተደርድረዋል። አንዳንዱ ቀፎ ወደ ፋብሪካው ይመለስ ሲባል የደወሉን ድምፅ ብቻ አስተካክሎ ስሞቹንና መልዕክቶቹን ይተዋቸዋል። ስለዚህ ከጨረሳችሁ በኋላ መልሳችሁ ከፍታችሁ እዩት።

የተሰበረ ስልክ ይበልጥ ያስቸግራል፤ ስክሪኑ ካልሠራ የትኛውን ተጭኖ ይደመሰሳል? ጠጋኝ ፊት ቁጭ ብሎ፣ ሌላ ስክሪን ለጊዜው አስገጥሞ ማስደምሰስ ይቻላል። የሞባይል ጠጋኝ ልጆቻችንን ማማት አልፈልግም፤ በላባቸው የሚያድሩ ናቸው። ግን ስልክ ጥላችሁ ስትሄዱ ፓተርናችሁን በፕላስተር ላይ ስለው ጀርባው ላይ ሲለጥፉት አላያችሁም? ያንን ፕላስተር ሱቁ ውስጥ የሚገባ ሁሉ ያነበዋል። እኔ እስኪጨርስ እጠብቃለሁ፤ ካልቻልኩ ስልኩን እንደተቀበልኩ ፓተርኑን እቀይራለሁ። ጨርሶ የማይነሳውን ስልክ ደግሞ በሳፋ አልለውጠውም፤ ከሕፃናት አርቄ አስቀምጠዋለሁ። በመዶሻ ፈጥፍጡት የሚሉ አሉ፣ አትስሟቸው። የስልክ ባትሪ ሲመታ ወይም ሲበሳ እሳት ያነሳል፣ ጭሱም መርዝ ነው።

ለልጅ ልጅ የሚሰጠውም ይደመሰስ። እንግዳ አይደለም፣ አዎ። ግን የ9 ዓመት ልጅ የአባቱን የብድር ጭቅጭቅና የአክስቱን የሆስፒታል ወረቀት የሚያነብበት ምክንያት የለም። ልጆች ደግሞ ያገኙትን ፎቶ ሁሉ ለጓደኛ ይልካሉ።

ሁሉም ስልክ ግን አይደመሰስም። በታኅሣሥ 2015 በዛምቢያ ዋና ከተማ በሉሳካ ዳርቻ የ27 ሰዎች አስከሬን ተጥሎ ተገኘ፤ የአገሩ ፖሊስም ኢትዮጵያውያን ሳይሆኑ አይቀርም አለ። ያን ሰሞን ልጃቸው በዚያ መንገድ ላይ የነበረ ወላጆች እንቅልፍ አልነበራቸውም። ወደ ዱራሜ በሚወስደው መንገድ ዳር የሚኖሩ፣ ልጃቸው በጉዞ ላይ እንዳለ ድምፁ የጠፋባቸው አንዲት እናት አውቃለሁ። ዓመታት አልፈዋል። የልጁ የመጨረሻ መልዕክት ያለው በአንድ ጥቁር አሮጌ ስልክ ላይ ነው። ደላላው የደወለበት ቁጥርም፣ ገንዘብ የገባበት ደረሰኝም እዚያው አለ። ሴት ልጃቸው አዲስ ገዝታላቸው አሮጌውን ልትሸጥ ስትነሳ፣ ገዢው «ፎርማት አድርጌ እወስደዋለሁ» ሲል ሰሙ። ቃሉን ባያውቁትም ምን ማለት እንደሆነ ጠየቁ፤ ሲነገራቸው ስልኩን ከእጁ ወሰዱት።

ትክክል ናቸው። የጠፋ ሰው ሲፈለግ የሚጠቅመው ቁጥር፣ ቀንና ስም ያለው እንዲህ ባለው ስልክ ላይ ነው። በዋትስአፕ የመጣ ድምፅ አንድሮይድ ስልክ ላይ «ቮይስ ኖትስ» በሚባል ማኅደር ይቀመጣል። አንድ ከሰዓት በኋላ ከልጅቷ ጋር ተቀምጠን ድምፁን በሁለት ሚሞሪ ካርድ ገለበጥነው፤ አንዱ እርሷ ጋ፣ አንዱ አጎቷ ጋ ተቀመጠ። የደላላውን ቁጥርና የደረሰኙን ቀን ወረቀት ላይም ጻፍን። ከዚያ በኋላ ስልኩ ቢሸጥ ቅጂው አለ አልኳቸው። አልሸጡትም። በነጠላ ጠቅልለው ሣጥናቸው ውስጥ አስቀመጡት። ባትሪው ባዶ ሆኖ ከከረመ ይበላሻል ስላልኳቸው በየሁለት ወሩ አውጥተው ቻርጅ ያደርጉታል። ፊደል አልቆጠሩም፤ ድምፁ የት ጋ እንዳለ ግን የሚያሳያቸው ሰው አያስፈልጋቸውም።