የችሮታ በር

ዲፕሎማሲ ሲባል ብዙዎቻችን የሚታየን ሱፍ፣ ከረባትና የጋራ መግለጫ ነው። እኛ ሰፈር፣ ሀዋሳ መናኸሪያ ክፍለ ከተማ፣ ነገሩ የገባን ግን በቤት ኪራይ በኩል ነው።

ጎረቤት ግቢ አንዲት ክፍል ለሦስት የተከራዩ ልጆች ነበሩ። ኢንዱስትሪ ፓርክ ሸሚዝ ይሰፋሉ። እ.ኤ.አ. በኅዳር 2021 አሜሪካ በሰሜኑ ጦርነት ምክንያት ኢትዮጵያን ከአጎዋ እንደምታስወጣ አሳወቀች። በዚያው ወር የካልቪን ክላይን እና የቶሚ ሂልፊገር ባለቤት ፒቪኤች ፓርኩ ውስጥ ያለውን ፋብሪካውን እንደሚዘጋ ተናገረ። ከጥር 1 ቀን 2022 ጀምሮ ያለ ቀረጥ ይገባ የነበረው ልብስ እንደ ጨርቁ ዓይነት እስከ 32 በመቶ ይከፈልበት ጀመር። ከልጆቹ ሁለቱ ሥራ አጥተው ወደ ገጠር ተመለሱ፤ ሦስተኛዋ ኪራዩን ብቻዋን አልቻለችውም።

«አሜሪካ ከዳችን» የሚል ብዙ ነው። እኔን የሚከነክነኝ ሌላ ነው። አጎዋ እኮ ውል አይደለም! የአሜሪካ ምክር ቤት በ2000 ያወጣው የራሱ ሕግ ነው። ማን ይግባ ማን ይውጣ የሚለውን በየዓመቱ ፕሬዚዳንታቸው ይወስናል። እኛ ተደራድረን ያስገባነው አንድ መስመር የለበትም፤ ሲዘጋም አቤት የሚባልበት ችሎት የለም። 250 ሚሊዮን ዶላር ገደማ የወጣበትን ፓርክ እንዲህ ያለ በር ላይ ነው ያቆምነው።

ቬትናም በዚያው በ2000 ከአሜሪካ ጋር የንግድ ስምምነት ፈረመች፤ ያውም ስንት ዓመት ከተዋጋቻት አገር ጋር። በ2023 መስከረም ላይ ባይደንን፣ ታኅሣሥ ላይ ሺ ጂንፒንግን ሃኖይ ላይ ተቀበለች። በ2025 ትራምፕ 46 በመቶ ቀረጥ ሲያውጅባት ተደራድራ ወደ 20 አወረደችው። 20ም ቀላል አይደለም፣ ግን ጠረጴዛው ላይ ወንበር ነበራት።

እኛ በ2024 ብሪክስ ገባን። እኔም ደስ ብሎኝ ነበር፣ አልዋሽም። ግን ብሪክስ የንግድ ውል አይደለም፤ ሸሚዝ አይገዛም። ቻይና ከታኅሣሥ 2024 ጀምሮ ለድሃ አገሮች ቀረጥ አንስታለች፤ እሱም ችሮታ ነው። ደግሞ ለቻይና ሸሚዝ መሸጥ… እንግዲህ ለእናንተ ልተወው።

የሚያጓጓኝ በ2003 ያመለከትንበት፣ ከሃያ ዓመት በላይ የፈጀው የዓለም ንግድ ድርጅት ድርድር ነው። አሰልቺ ነው፣ የቀረጥ ሠንጠረዥ በሠንጠረዥ ነው፣ ፎቶ አይወጣውም። ግን እዚያ ያለው ውል ነው። ድርድሩ ውስጥ የሠራችሁ ጓደኞች ካላችሁ፣ ለልብስ ምን ሰጥተን ምን እንደተቀበልን እስቲ በአማርኛ ጻፉልን።