ጥንጁትሽ ደርሶኛል

አርቦሬ፣ ጥቅምት 12

ይድረስ ለምወድሽ አያቴ፣

እምዬ፣ የላክሽው ጥቅል ጂንካ ሁለት ቀን ቆይቶ፣ በወይጦ በኩል በጭነት መኪና ደረሰኝ። ዳማ ከሴው ደርቆ ዱቄት ሆኗል፤ ደብረ ታቦር ጓሮ የበቀለ ቅጠል የጨው ባሕርን ቆላ ምን ይችለዋል! ጤና አዳሙን በቡና ጨረስነው። ጥንጁቱ ግን እንዳለ ነው። ጥቅሉን ስፈታው የጠላ ጋን የምታጥኚበት ሽታ ቤቱን ሞላው፤ ትንሽ አለቀስኩ።

በስልክ «ማታ ማታ ታጨሺዋለሽ ወይ?» ስትዪኝ «አዎ» ብዬሻለሁ። እውነቴን ነው። ያልነገርኩሽ፣ ካጨስኩ በኋላ አጎበር ውስጥ እንደምገባ ነው። ጭሱ እያለ ትንኟ ትሸሻለች፤ ፍሙ ሲከስም ትመለሳለች፤ የወባዋ ደግሞ ሥራዋ ሌሊት ነው። ሲያጨሱ ማደር ዓይንና ሳንባ ይጎዳል። እዚህም ሲመሽ ኩበት ይጨሳል፤ ከብቱም ሰውም አንድ ጭስ ሥር ይሰበሰባል።

ቅጠልሽን የናቅኩ እንዳይመስልሽ። ቆቃ አካባቢ የኛው ተመራማሪዎች የባሕር ዛፍና የበሶብላ ቅጠል ቤት ውስጥ አጭሰው የትንኙ ቁጥር መቀነሱን በ2009 እ.ኤ.አ. አሳትመዋል። በሶብላ እኮ ነው፣ ከበርበሬሽ የማይጠፋው! እዚህ ጤና ጣቢያው ለወባ የምንሰጠው ኳርተምም ዋና መድኃኒቱ መነሻው የቻይና ቅጠል ነው፤ የአሪቲ ዘመድ። ያገኘችው ቱ ዩዩ በ2015 እ.ኤ.አ. የኖቤል ሽልማት ተሸልማለች። (አሪቲ አፍልተሽ ወባ ለያዘው ጎረቤት እንዳታጠጪ ደግሞ፣ አውቅሻለሁ!)

አንገቴ ላይ ያሰርሽልኝን የእባብ ሥርም አልፈታሁትም። የተነደፈ ሰው ሲመጣ ግን አንበጣም፣ አጥብቀን አናስርም፣ አንመጥም፤ እግሩ እንዳይንቀሳቀስ በእንጨት ደግፈን ወደ ጂንካ ሆስፒታል እንልካለን።

አሁን ስፈራው ወደ ቆየሁት ነገር ልምጣ። ባለፈው ሳምንት አንዲት እናት ልጇን ታቅፋ እየሮጠች መጣች። የቡና ገለባ የሚፈላበት ማሰሮ ተደፍቶ ክንዱን አቃጥሎታል። ቅቤ ቀብታዋለች፤ ልክ እንዳንቺ። ቅቤውን በስሱ ጠርጌ ቀዝቃዛ ውሃ አፈስስበት ጀመር፣ 20 ደቂቃ ሳላቋርጥ። እዚህ ውሃ በጀርባ ነው የሚመጣው፤ ሁለተኛውን ጀሪካን ስከፍት እጄን ያዘችኝ። ከሥር በሳፋ ያጠራቀምኩትን ለፍየሎቿ ስሰጣት ነው የሳቀችው።

ቅቤ ሙቀቱን ቆዳው ውስጥ አፍኖ ያቆየዋል፤ ቁስሉም እንዲያመግል ሊያደርግ ይችላል። ግራ እጄ ላይ ያለው ጠባሳ ትዝ ይልሻል? ጀበናውን የደፋሁ ዕለት፣ ለፋሲካ ያስቀመጥሽውን ቅቤ ሳትሳሺ አውጥተሽ ቀባሽኝ፤ ሌሊቱንም እፍ ስትዪልኝ አደርሽ። ጠባሳውን ባየሁት ቁጥር ያ እፍታሽ ይመጣብኛል። አትዘኚብኝ። የምነግርሽ የአክስቴ ልጆች እጅሽ ላይ ስለሚውሉ ነው፤ መጀመሪያ ውሃ ይሁን። እሬቱን፣ ቃጠሎው ትንሽ ከሆነና ከቀዘቀዘ በኋላ ቀቢያቸው።

ዳማ ከሴ ከእንግዲህ አትላኪ፤ መንገድ ላይ ያልቃል። የበሶብላ ዘር ግን በወረቀት ጠቅልለሽ ላኪልኝ። ከጤና ጣቢያው ጀርባ የእጅ መታጠቢያው ውሃ የሚወርድበት እርጥብ ቦታ አለ፤ እዚያ እዘራዋለሁ።

ልጅሽ

ይህን ለምታነቢላት ልጅ፦ የቅቤውን ነገር ቀስ ብለሽ አንብቢላት፤ እፍታው ላይ ስትደርሺ ድገሚው።