ፋይሉ እዚያ፣ እኔ እዚህ

ወገን፣ እስቲ ዛሬ ስለ እንጀራ እናውራ። የእኔ እንጀራ የሰው ድረ ገጽ መጠገን ነው። እኔ አዲስ አበባ ነኝ፤ ፋይሎቹ ግን ፍራንክፈርት፣ የኪራይ ሰርቨር ላይ ናቸው። ታዲያ በምን እንገናኛለን?

መንገዱ ሁለት ነው። አንደኛው በኤስኤስኤች ገብቶ እዚያው መጻፍ ነው። ኤስኤስኤችን ፊንላንዳዊው ታቱ ዩሎነን እ.ኤ.አ. በ1995 የሠራው፣ በዩኒቨርሲቲው ኔትወርክ ላይ የፓስወርድ ሌቦች ስላስቸገሩ ነው። በእሱ ገብታችሁ ቪምን ስትከፍቱ፣ የነካችኋት እያንዳንዷ ፊደል ጀርመን ደርሳ ስትመለስ ነው ስክሪኑ ላይ የምትታየው። መስመሩ ደህና ከሆነ አይታወቅም፤ ሲንቀራፈፍ ግን አንድ ቃል ጽፋችሁ ቡና ልትጠጡ ትችላላችሁ። ቪኤስ ኮድም እ.ኤ.አ. ከ2019 ጀምሮ ይህን አቃልሎታል፤ መስኮቱ እዚህ ይከፈታል፣ ፋይሉ ግን ያው እዚያው ነው።

ሁለተኛው ፋይሉን ወደ ራስ ኮምፒውተር አውርዶ፣ አርሞ፣ መልሶ መጫን ነው። ለዚህ ፋይልዚላ አለ፤ አርሲንክም አለ። አርሲንክ የተለወጠውን ብቻ ስለሚልክ በሜጋባይት ለሚገዛ ኢንተርኔት ይስማማል።

አንድ ባልደረባዬ የመጀመሪያው መንገድ ሰው ነው። «ፋይል አንድ ቦታ ይኑር፤ ሁለት ኮፒ ካለ አንዱ ሌላውን ያጠፋዋል» ይላል። እውነቱን ነው። እኔ ባረምኩት ላይ እሱ አሮጌውን ቢጭንበት የሁለት ቀን ሥራ ገደል ይገባል።

ሰኔ 23 ቀን 2012 ዓ.ም.፣ አርቲስት ሀጫሉ ሁንዴሳ በተገደለ ማግስት፣ ኢንተርኔት ተዘጋ። ለብዙዎቻችን ሦስት ሳምንት ያህል ቆየ። በዚያ ሰሞን ሰው ለሞተባቸው ቤተሰቦች የእኛ ነገር ኢምንት ነው። ቢሆንም የቤት ኪራይ አይዘጋም። የባልደረባዬ ፋይሎች አልጠፉም፣ አልተበላሹም፤ ፍራንክፈርት በሰላም ተቀምጠዋል። ሊያያቸው ያልቻለው ባለቤታቸው ብቻ ነው። የእኔዎቹ ላፕቶፔ ላይ ስለነበሩ ሥራዬን ቀጠልኩ፤ መስመሩ ሲመለስ በአንድ ምሽት ላክኋቸው።

ከዚያ ወዲህ ሁለታችንም ጊት ላይ ተስማማን። ሊኑስ ቶርቫልድስ እ.ኤ.አ. በ2005 የጀመረው ይህ መሣሪያ ማን፣ መቼ፣ ምን እንደለወጠ ይመዘግባል፤ ለመመዝገብም ኢንተርኔት አይጠይቅም። ሁለት ሰው አንድ መስመር ላይ ከተጋጨ አንዱን ዝም ብሎ አይደመስስም፤ ቆሞ ይጠይቃል። የባልደረባዬ ስጋት መልስ አገኘ፣ የእኔም ኮፒ ከእጄ አልወጣ።

በእጅ የያዙት ወርቅ ከመዳብ ይቆጠራል ይባላል። ላፕቶፕ ላይ ያለች ኮፒም እንደዚያው ናት፤ ኔትወርክ ባለበት ቀን ማንም አያስታውሳትም። እናንተስ? ነገ ጠዋት መስመሩ ቢቆረጥ ከሥራችሁ የትኛው እጃችሁ ላይ ይቀራል?