የሰንጢ ስለት የምታህል ስንጥቅ

ሼፊልድ የሄድኩት ግድብ ለማየት አልነበረም። የአክስቴ ልጅ ወልዳ፣ በርበሬና ሽሮ እንዲሁም የገንፎ እህል ተሸክሜ አራስ ልጠይቅ ነው የገባሁት። ጥየቃው በሦስት ቀን አለቀ፤ ከዚያ በኋላ የእኔ ሥራ ሶፋ ማጣበብ ብቻ ሆነ። በአራተኛው ቀን «ወደ ላይ ወጥቼ አንድ ግድብ አይቼ ልምጣ» ስላት፣ ሕፃኑን ትከሻዋ ላይ እንዳስተኛች ሳቀችብኝ። «ከአዲስ አበባ ድረስ መጥተህ ግድብ? ሰው ሜዳውሆል ሄዶ ጫማ ይገዛል!»

ጥፋቱ የአባቴ ነው። የቧንቧ ሠራተኛ ነበር። ወደ ሆለታ በሄድን ቁጥር ገፈርሳ ስንደርስ በአውቶቡሱ መስኮት እያሳየ «የምትጠጣውን እወቅ» ይለኝ ነበር። እኔም ውሃውን አይ ነበር። ውሃውን ደግፎ ያቆመውን ግድብ ግን ልብ ብዬ አይቼው አላውቅም።

ትራሙ ማሊን ብሪጅ ላይ ያበቃል። ሎክስሊና ሪቨሊን የሚባሉ ሁለት ትናንሽ ወንዞች እዚያ ይገናኛሉ። እኔ በሄድኩበት ቀን ሱሪ ሰብስቦ የሚሻገሯቸው ዓይነት ነበሩ። እ.ኤ.አ. ማርች 11 ቀን 1864 ሌሊት በሎክስሊ የወረደው ጎርፍ ብዙ ሰው የፈጀው እዚህ ነው። ከሸለቆው አናት እስከ ከተማው ድረስ በጠቅላላው 240 ያህል ሰው ሞቷል። ጎርፉን ያመጣው ዝናብ ሳይሆን ለከተማዋ ውሃ የሚያቀርበው ኩባንያ ያሠራው አዲስ ግድብ ነበር፤ ዴል ዳይክ። ለመጀመሪያ ጊዜ እየሞላ ሳለ ነው የተደረመሰው።

ከዚያ በትንሽ አውቶቡስ ወደ ሎው ብራድፊልድ ወጣሁ። የክሪኬት ሜዳ፣ ጥቂት የድንጋይ ቤቶች፣ ብዙ በግ። ከመንደሩ ወዲያ በእግር ነው። መንገዱ ጫካ ውስጥ ይገባና ከአሁኑ ግድብ በታች፣ ሣርና እንክርዳድ መሃል፣ ጉልበቴ የማይደርስ አንድ ድንጋይ አገኘሁ። ሲ፣ ኤል፣ ኦ፣ ቢ የሚሉ አራት ፊደላት ተቀርጸውበታል። የአሮጌው ግድብ ወገብ በዚህ በኩል ያልፍ ነበር ማለት ነው። የመቃብር ድንጋይ እንኳ ስም ይጽፋል፤ ይኼ መሐንዲስ ለመሐንዲስ የተወው ምልክት ነው። ሽበቱ ላይ ጣቴን አሳለፍኩበት። ድንጋዩን ማለቴ ነው፣ ነጭ ሽበት በቅሎበታል።

ግድቡ በተደረመሰበት ዕለት ምሽት፣ በእኛ ሰዓት አቆጣጠር 11 ሰዓት ተኩል ገደማ፣ አንድ የቀን ሠራተኛ ከነፋሱ እየተሸሸገ በግድቡ ላይ ወደ ቤቱ ሲያልፍ የአፈሩ ጀርባ ላይ ስንጥቅ አየ። ስንጥቋ የሰንጢ ስለት ብታስገባ ነው። ግን ረዘመች። ሰውየው ዝም ብሎ አላለፈም፤ ጓደኞቹን ጠራ። የተቋራጩ ልጅ በፈረስ ወደ ሼፊልድ ተላከ፣ የኩባንያውን መሐንዲስ ጆን ጉንሰንን እንዲያመጣ። መንገድ ላይ ዳምፍላስክ የምትባል መንደር ሲደርስ የኮርቻው ጠፍር ተበጠሰ። ጠፍሩ እስኪጠገን ድረስ ለምን እንደሚቸኩል ለመንደሩ ሰዎች አወራ። የሰሙትም ከፍ ወዳለ ቦታ ወጡ። እኔን እስከ ዛሬ የሚገርመኝ ይኼ ነው። ሰዎቹን ያዳናቸው ማስጠንቀቂያ አይደለም፣ የተበጠሰ ጠፍር ነው። ጠፍሩ ጠንካራ ቢሆን ኖሮ ፈረሰኛው በጋለበ ነበር።

ጉንሰን ከምሽቱ 4 ሰዓት ገደማ ደረሰ። የውሃ መልቀቂያዎቹ ተከፍተዋል፤ ግን ሐይቁ በዚያ አይጎድልም። የጎርፍ ማስተንፈሻውን በባሩድ አፍርሰው ውሃውን ለማስተንፈስ ሞከሩ፤ ባሩዱ አልነሳ አለ። 5 ሰዓት ተኩል ገደማ ውሃው የግድቡን አናት ተሻግሮ ሲወርድ ታየ፣ ወዲያው መሃሉ ተከፈተ። ስንጥቋ ከታየችበት እስከዚያ ስድስት ሰዓት አለፈ ማለት ነው። በስድስት ሰዓት ውስጥ አንድ ሰው በእግሩ እንኳ እስከ ከተማው እየጮኸ ይደርሳል። የጮኸ የለም፤ ግድቡ ላይ የነበሩት ሰዎች ራሳቸው የሚብስ አልመሰላቸውማ። የመጀመሪያው ሟች ብራድፊልድ ውስጥ ነው፤ ስም ያልወጣለት ጨቅላ፣ ወላጆቹ ይዘውት ሲሸሹ ውሃው ከእጃቸው ነጠቀው።

የግድቡ አሠራር ለእኛ እንግዳ አይደለም። ጭቃ ቤት ሲመረግ ያየ ሰው ይገባዋል። በአፈርና በድንጋይ ክምሩ መካከል፣ ከጫፍ እስከ ጫፍ፣ በውሃ ተቦክቶ የተረገጠ የሸክላ አፈር እንደ ግድግዳ ይቆማል። ውሃውን የሚያግደው እሱ ነው፤ ከፊትና ከኋላ ያለው ክምር እሱን ደግፎ ለማቆም ነው። ሸክላው በደንብ ካልተረገጠ፣ ወይም ከሥሩ ያለው መሬት ባልተካከለ ሁኔታ ከሰጠመ፣ ውስጥ ለውስጥ ይሰነጠቃል፤ ውሃ በስንጥቁ ይሾልካል፣ ሲሾልክ አፈር ይዞ ይወጣል። በዴል ዳይክ የሆነው ምን እንደነበር በጊዜው ብዙ አከራክሯል። የኩባንያው ወገን የመሬት መንሸራተት ነው አለ፤ መንግሥት የላከው ሮበርት ሮውሊንሰን ደግሞ ከግድቡ ሥር የተዘረጉትን ቱቦዎችና የሥራውን ጥራት ወቀሰ። የሟቾችን ጉዳይ የመረመረው ጁሪ ለሥራው የሚገባው ጥበብና ጥንቃቄ አልተደረገበትም አለና፣ እንዲህ ያሉ ግንባታዎችን መንግሥት በየጊዜው የሚመረምርበት ሕግ ይውጣ ሲል ጠየቀ።

ሕጉ የወጣው በ1930 ነው፣ ከ66 ዓመት በኋላ። እሱም የወጣው በ1925 ሰሜን ዌልስ ውስጥ ዶልጋሮግ በሚባል ቦታ ሌላ ግድብ ተደርምሶ 16 ሰው ከገደለ በኋላ ነው። አሁን በእንግሊዝ ከ25,000 ሜትር ኩብ በላይ የሚይዝ ግድብ ሁሉ በ1975ቱ ሕግ ሥር ነው። ቢደረመስ የሰው ሕይወት ላይ አደጋ ያደርሳል የተባለው ቋሚ ተቆጣጣሪ መሐንዲስ አለው፤ ቢያንስ በየ10 ዓመቱ ደግሞ ሌላ ገለልተኛ መሐንዲስ መጥቶ ያየዋል።

ይኼን የመጨረሻውን ያጫወተኝ አንድ ብርቱካናማ ካፖርት የለበሰ ሽማግሌ ነው። በ1875 የተጠናቀቀው፣ ከቀድሞው ያነሰው የአሁኑ ግድብ እግር ሥር፣ ከአጥሩ ወዲያ ጎንበስ ብሎ ነበር። ሰላምታ ስሰጠው ቀና አለ። ምን እንደሚያይ ጠየቅኩት።

«ይኼን» አለኝ። ከኮንክሪት በተሠራች ትንሽ ጉድጓድ ውስጥ አንድ የብረት ሳህን ቆሟል፤ አናቱ በሦስት ማዕዘን ተቀዷል። በቅዱ ውስጥ የጣቴን ውፍረት የምታህል ውሃ ትወርዳለች። ከጎኑ ማስመሪያ አለ።

«ያፈሳል ማለት ነው?» አልኩት ደንግጬ።

ሳቀ። «የማያፈስ የአፈር ግድብ አይተው ያውቃሉ? ሁሉም ያፈሳል። ዛሬ ስንት፣ ባለፈው ሳምንት ስንት፣ እሱን ነው የምመዘግበው። ዝናብ ሳይኖር ከጨመረ ስልክ እደውላለሁ።» ከዚያ ውሃውን በመዳፉ ዘግኖ ወደ ብርሃኑ አነሳው። «ከደፈረሰ ደግሞ እየሮጥኩ እደውላለሁ።»

አባቴ ቢኖር ይኼን ሰውዬ አቅፎ ይስመው ነበር።

የግድቡ ጀርባ በአጭሩ የታጨደ ሣር ነው፣ አንድ ዛፍ የለበትም። ለውበት መስሎኝ ነበር። ሽማግሌው እንዳለኝ ዛፍ ሥሩ ይሰዳል፣ ሲሞት ሥሩ በስብሶ ቱቦ ይተዋል፤ ረጅም ሣር ደግሞ ስንጥቅም የጥንቸል ጉድጓድም ይደብቃል። ሣሩ የሚታጨደው ዓይን እንዲያይ ነው። የዚያ የ1864ቱ ሠራተኛ ዓይን ዛሬ ደሞዝና መዝገብ አግኝቷል ማለት ነው።

ነገሩ ግን በመዝገብ ብቻ አያልቅም። ከዚህ ብዙም በማይርቀው በሮዘራም አጠገብ፣ በ1870ዎቹ ለመጠጥ ውሃ የተሠራ ኡሊ የሚባል ትንሽ ግድብ አለ። አሁን መናፈሻ ነው። በጁን 2007 ከባድ ዝናብ ጥሎ፣ ከግድቡ ጎን ያለው የድሮ የድንጋይ ማስተንፈሻ ቦይ ፈረሰና ጎርፉ የግድቡን አፈር ይበላ ጀመር። ከታች ያሉ መንደሮች ሌሊቱን ተነሱ፣ ኤም ዋን የሚባለው አውራ ጎዳና ተዘጋ፣ የእሳት አደጋ ሰዎች በፓምፕ ውሃውን ሲቀንሱ፣ የተበላው በድንጋይ ሲሞላ ቆየ። ግድቡ ቆመ፤ ሰው አልሞተም። በዚህኛው ጊዜ ፈረሰኛ አልተጠበቀም።

ስመለስ አውቶቡሱ በዳምፍላስክ በኩል አለፈ። ጠፍሩ የተጠገነባት መንደር ያን ሌሊት በጎርፍ ተጠርጋ ሄዳ፣ በኋላ በ1896 የተጠናቀቀው ሌላ የውሃ ግድብ ቦታዋን ሸፍኖታል። ላዩ ላይ ሁለት የሸራ ጀልባዎች ነፋስ ይጠብቃሉ።

ቤት ስገባ ሕፃኑ ነቅቶ ነበር። ስም ገና አላወጡለትም፤ አያቱ አንድ ይላሉ፣ እናቱ ሌላ። የአክስቴ ልጅ ሻይ እየቀዳች «እሺ፣ ምን አየህ?» አለችኝ።

ስለ በጎቹ ነገርኳት።