ላጲስ

ዴስክቶፓችን ሰኞ ጠዋት አልነሳም አለ። ፋኑ ይሽከረከራል፣ መብራቱ ይበራል፤ ስክሪኑ ግን ከል እንደለበሰ ነው። ከሆዱ ውስጥ «ጢጥ... ጢጥ...» የሚል ድምፅ ይሰማል። እኔም ጎኑን በጥፊ አልኩት። (ቴሌቪዥን በጥፊ ሲድን እያየን ያደግን ነን፤ ምን ይደረግ!)

የጎረቤት ልጅ ተጠራ።

«ጋሼ፣ መጮኹ እኮ ደግ ነው። ዝም ቢል ነበር የሚያስፈራው» አለኝ። «የጩኸቱ ትርጉም እንደ ማዘርቦርዱ ይለያያል፤ የእርስዎ ግን ራም አላገኘሁም ነው የሚለው።»

ገመዱን ከሶኬት ነቀለና የማብሪያውን ቁልፍ ተጭኖ ቆየ፤ የተረፈውን ኤሌክትሪክ ማፍሰሱ ነው። ክዳኑ ሲከፈት ያየሁት አቧራ፣ ጤፍ ቢዘሩበት ያበቅላል።

«ላጲስ አለ?»

የሚቀልድ መስሎኝ ነበር። ከልጄ ቦርሳ አመጣሁለት። ራሟን አውጥቶ ወርቃማ ጥርሶቿን ቀስ እያለ ፈገፈጋቸው፤ ፍርፋሪውን ጠርጎም «ቀጭ» እስክትል መልሶ ሰካት።

ተነሳ! ቀኑ ግን ከብዙ ዓመት በፊት የነበረ ነው።

«ይቺ ናት ያለቀችው» አለ፣ ሳንቲም የምታክል ባለ 3 ቮልት ባትሪ እያሳየኝ። «ሲአር 2032 ብለው ይግዙ። ኮምፒውተሩ ሲነቀል ሰዓቱን የምትቆጥርለት እሷ ናት።»

እናቴ ከጓዳ ሆና ስትሰማ ኖሯል። «ዛሬ ስንት ዓመተ ምሕረት ነው አለ?»

ነገርኳት።

«እንግዲያ ባትሪውን አትግዛ፤ በዚያን ጊዜ ዋጋ ሽንኩርት ያምጣልን።»